ጥር፣ መጋቢት፣ ግንቦት

ዘንድሮ ሦስት የሙዚቃ ምሽት ይኖረናል፤ አንዱ በጥር፣ አንዱ በመጋቢት፣ አንዱ በግንቦት። ይህን ስንል ከወዲሁ ፈገግ የሚሉ ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን። «አሥራ ዘጠኝ ሰው ክራር ስለያዘ ኦርኬስትራ ተባለ እንዴ?» ይሉናል ሻይ ቤት ውስጥ። በመጀመሪያ ደረጃ ክራር የያዝነው ስምንታችን ብቻ ነን። አራት ማሲንቆ፣ ሦስት ዋሽንት፣ ሦስት ከበሮና አንድ በገና አለን። በሁለተኛ ደረጃ ስሙን ከኪሳችን አላወጣነውም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ለየብቻቸው መጫወት የለመዱትን የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሰብስቦ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። የሳቀ ሰው ከነበረ ወሬው አልደረሰንም። ኦርኬስትራው በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ዞሮ፣ እስከ 1975 ድረስ ቆይቷል። እኛ አሜሪካ አንሄድም። የአዳራሹን ቁልፍ ካገኘን ይበቃናል።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ከባዱ ነገር መጫወቱ ይመስለዋል። ኧረ መቃኘቱ ነው! በአውሮፓውያን ኦርኬስትራ ሁሉም ጆሮውን ለኦቦ ሰጥቶ ይቃኛል። እኛ ዘንድ አዛዡ ዋሽንት ነው። ክራር ሲወጥሩት ይወጠራል፣ ሲያላሉት ይላላል፤ ማሲንቆም መቃኛዋን ጠምዘዝ ቢያደርጓት አንዲቷ የጭራ አውታሯ ትታዘዛለች። ዋሽንት ግን ሸንበቆ ነው። አንዴ ተቆርጦ፣ አራት ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ «ትንሽ ከፍ በል» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ነፊዎቻችን ረዥምና አጭር ዋሽንታቸውን በከረጢት ይዘው ይዞራሉ፤ የትኛውን እንዳወጡ አይተን ሌሎቻችን ወደ እነሱ እንሄዳለን። ቆዳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አየሩ ርጥብ ከሆነ ማሲንቆውም ከበሮውም ይረግባል። ከልምምድ በፊት ከበሮዎቹን ፀሐይ ላይ ደርድረን ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ያየ አንድ መምህራችን «ምን ልትሸጡ ነው?» ብሎናል።

ከሁሉም የከፋው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መሻገር ነው። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስናልፍ ስምንት ክራር እንደ አዲስ ሊቃኝ ነው ማለት ነው፤ አንዱ ሲስተካከል አንዱ ይወርዳል። አምና ይህን ስንሠራ ተመልካቹ መጀመሪያ አሳለ፣ ቀጥሎ አወራ፣ በመጨረሻም ግማሹ ለሻይ ወጣ። ዘንድሮ መላ ተገኝቷል። ለጥሩ ምሽት አራቱ ክራሮች በትዝታ፣ አራቱ በአንቺሆዬ ተቃኝተው ይገባሉ። አምባሰልና ባቲ ለግንቦት ይቆያሉ። እርግጥ በየዜማው ግማሹ ክራር ዝም ስለሚል ድምፁ ይሳሳል። «ታዲያ ኪቦርድ ጨምሩበት!» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣልናል፣ በተለይ ከአንደኛ ዓመቶች። ኪቦርድ ጠላታችን አይደለም፤ በየሠርጉ የምንጨፍረው በእሱ ነው። ነገር ግን የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በሁለት ቁልፎች መሃል የምታርፍበት ቦታ አለ። ኪቦርዱ እዚያ የለም። እሱ ሲገባ ማሲንቆው ወደ እሱ ይጎተታል፤ ያቺ ቦታ ትጠፋለች። እኛ የሳሳውን ድምፅ መርጠናል። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ማይክሮፎንም አይኖርም፤ ወደፊት ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ።

የመጋቢቱ ነገር ግን ገና አልለየም። መጋቢት ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ በገና ከሁሉም ይቀድማል። ባለ አሥር አውታሩ በገና የእኛ አይደለም፣ የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪዋ የራሷ ነው። ጥያቄው ሲነሳ ሳትሸፋፍን ነገረችን።

«እኔ በገና የምደረድረው ለጸሎት ነው። ከሱ በኋላ እስክስታ ሊመጣ ከሆነ አልገባበትም።»

አንዱ ከበሮ መቺያችን ቀበል አድርጎ፣ «እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ መንዙማ ሲባል ጭብጨባና ጸሎት አብረው ሲሄዱ አይቼ ነው ያደግሁት» አላት።

«ያንተ ጭብጨባ ጸሎቱ ውስጥ ነው። የአዳራሹ ግን ‹ጎበዝ› ለማለት ነው።»

ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ተከራክረንበታል፤ ልምምድም ጎድሏል። ግማሻችን በገና ከመድረክ ቢቀር አሁን ያለነው ልጆች ከየት እንሰማዋለን እንላለን፤ ግማሻችን ደግሞ መሰማቱ ብቻ ምን ያደርጋል፣ እንደ ጌጥ ከተሰማ አለመሰማቱ ይሻላል እንላለን። ለጊዜው የደረስንበት ይህ ነው፦ የመጋቢቱ ምሽት በበገና ብቻ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይከተልም፤ መብራቱ ይበራል፣ ሰው ዝም ብሎ ይወጣል። እሷም «አስብበታለሁ» ብላለች። አንባቢ ሆይ፣ ከመጣህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ተቀመጥ።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ግን ስለ መጋቢት ተጨንቀን ብቻ አይደለም። ከአሥራ ዘጠኛችን ስምንታችን በሰኔ እንመረቃለን። ከአራቱ ማሲንቆዎች ሦስቱ፣ ከሦስቱ ዋሽንቶች ሁለቱ ይሄዳሉ። የቀረው ማሲንቆ ተጫዋች ገና ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ያውም ዓይን አፋር ነው፤ ብቻውን አስቀምጠነው ብንሄድ እስከ መስከረም የሚቆይ አይመስለንም። ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር፤ የመጡት አሥራ አንዱ ዘፋኝ ለመሆን ነው የመጡት። ዘፋኝ ሞልቶናል፣ ይቅርታ። የሚያስፈልገን ሌላው ሲዘፍን ከኋላ ተቀምጦ ጭራ የሚገዘግዝ ሰው ነው። ስድስት ወር ይፈጃል። መጀመሪያ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የታመመ ድመት ነው፤ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ያኮርፋል።

ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ከእራት በኋላ ነው። ቁልፍ የያዘው ቢሮ ከከፈተልን አዳራሹ ውስጥ፣ ካልከፈተልን ደረጃው ላይ ታገኙናላችሁ። መሣሪያ ይዞ መምጣት ግዴታ አይደለም። ሁለት ትርፍ ማሲንቆ አለን። የአንዱ ቆዳ ተቀዷል፣ እስከ ጥር ይለበጣል፤ ሌላው ግን ደህና ነው፣ ደጋኑም አዲስ ጭራ ገብቶለታል።