ጣራውና ወለሉ

እናቴ የምትደውልልኝ ቅዳሜ ማታ ነው። ስሟ ራሱ የገበያ ቀን ከሆነው ከአዲስ ቅዳም ወደ ቤቷ እንደተመለሰች የድንቹን ዋጋ፣ የከሰሉን ዋጋ፣ የሞተውንና የተዳረውን በቅደም ተከተል ትነግረኝና «በል ደኅና እደር» ብላ ትዘጋለች። አንድ ቅዳሜ ግን ይህን ሁሉ ዘልላ «ልጄ፣ መሬታችን ቀንሷል» አለችኝ።

መሬት እንዴት ይቀንሳል? ጎርፍ ይሸረሽረዋል፣ ጎረቤት ይገፋዋል እንጂ ራሱ ተነሥቶ አይቀንስም። እርሷም የደረሰችበት ይኸው ነበር። በአሮጌው አረንጓዴ ደብተር ላይ 0.50 ሄክታር ተብሎ የተጻፈው የቁልቁለቱ ማሳ በአዲሱ ባለካርታ ወረቀት ላይ 0.45 ሆኖ ወጥቷል። የጠፋው 500 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው፤ በከተማ ቢሆን ሁለት ቤት ይቆምበታል። ማሳው ከላይ መንገድ፣ ከታች ወንዝ ያዋስነዋል፤ በአንዱ ጎን የራሳችን ሌላ ማሳ አለ። በቀረው ጎን ያለው የእኅቴ የክርስትና አባት ነው። ታዲያ ሌባው ከአበልጇ ሌላ ማን ሊሆን? እናቴ በጣም ስትቆጣ አማርኛውን ትታ ወደ አውንጊ ትገባለች፤ ያን ማታ ገና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ገባች።

እኔ በባሕር ዳር ለሪል እስቴት ተማሪዎች የመሬት ቅየሳና የይዞታ ምዝገባ መሠረታዊ ትምህርት አስተምራለሁ። እንግዲህ ነገሩ የእኔ ሥራ ነበር። ከዚያም ይልቅ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ በዚህ ክስ ውስጥ የራሴም እጅ አለበት፤ ያን ማሳ በተለካ ጊዜ የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

የአማራ ክልል የመሬት አስተዳደር ባለ ሥልጣን የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በስዊድን ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ቀበሌዎች ተሞክሮ ወደ ሌላው ተዛመተ። እኛ ዘንድ ሲደርስ እኔ የትምህርት ቤት ልጅ ነበርሁ። ሕዝቡ የመረጣቸው ኮሚቴዎች የቃጫ ገመድ ይዘው መጡ፤ ጎረቤቶች በየድንበሩ ቆሙ፤ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ጸሐፊ ይመዘግባል። በደብተሩ ላይ ካርታ የለም። ያለው «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ» የሚል የአዋሳኞች ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ እንዲሁም የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ነው። ያ ፎቶግራፍ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ዘመዶቹ «የወንድማችን መሬት» ማለት ሲጀምሩ እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ደብተሩን ገልጣ ፊቷን አሳየቻቸው።

አባቴ ግን ገመዱን ፈጽሞ አልወደደውም ነበር። በዚያ ቀን ማሳው ዳር ቆሞ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም ብሎ ያይ እንደነበር አስታውሳለሁ። የጎጃም ገበሬ ከገመድ ጋር የቆየ ጠብ አለው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቃላድ የተጣለበት መሬት ሲሶው ለባላባቱ ሲቀር የተረፈው የመንግሥት ይሆን እንደነበር ሰሜኑ ሰምቷል። ስለዚህ ለርስተኛው መለካት ማለት የመነጠቅ መጀመሪያ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ሲሰማሩ ጎጃም ሸፈተ፤ ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ብዙም ሳይቆይ የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መጥቶ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገው። አባቴ ይህን ሁሉ በልጅነቱና በጎልማሳነቱ ያየ ሰው ነው። ልጁ የገመዱን ጫፍ ይዞ ቁልቁል ሲሮጥ ምን ተሰምቶት ይሆን? አልጠየቅሁትም።

ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቁኝ «ይህ ወረቀት የባለቤትነት ነው ወይስ የይዞታ?» ብለው ነው። የይዞታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚመዘገበው የመያዝና የመጠቀም መብት ነው። ከዚያም ስለ ሮበርት ቶረንስ እነግራቸዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ መዝገቡ የመሬቱ መስተዋት እንዲሆን ያደረገ ሰው ነው። በመዝገቡ የሌለ በመሬቱም የለም፤ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ኋላ ማንም አይቆፍርም። የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበረው፤ ነገር ግን እዚያው ሕጉ መጨረሻ ላይ፣ የሚጀምርበት ቀን በሌላ ትእዛዝ እስኪነገር ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። መስተዋቱ ተሠርቶ በጨርቅ ተሸፈነ ማለት ነው። (ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይሥቃሉ፤ እኔ ግን አልሥቅም።)

አዲሱ ወረቀት የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ ታቅዶ በአራት ክልሎች የተሠራበት ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ገመድ አያውቅም። ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ተስተካክሎ በትልቅ ወረቀት ይታተማል፤ ባለማሳዎቹ በድንበራቸው እየተራመዱ መስመሩ በፎቶግራፉ ላይ ይሰመራል፤ ስፋቱን ኮምፒዩተር ያሰላል። ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲቀርብ ለሕዝብ ይለጠፋል። እናቴ በተለጠፈበት ሰሞን ታማ ተኝታ ነበር።

ለፋሲካ ስሄድ ማሳው ድረስ ወረድሁና በስልኬ የተዳፋቱን ማዕዘን ለካሁ፤ 20 ዲግሪ ገደማ ሆነ። ነገሩ ገባኝ። እኛ ገመዱን የዘረጋነው በመሬቱ ገጽ ላይ፣ ቁልቁል ነበር። ካርታ ግን መሬትን ከላይ እንደ ወደቀ ጥላ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ተዳፋቱን ደልድሎ አግድሙን ብቻ ይቆጥራል። በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 100 ሜትር ገመድ በካርታ 94 ሜትር ብቻ ነው። 100 በ50 የነበረው ማሳ 94 በ50 ሆነ፤ 300 ካሬ ሜትር ማንም ሳይነካው ሄደ።

ይህን ለእናቴ ኮሳይን እያልሁ አልነገርኋትም። ቀና ብዬ የቤታችንን ጣራ አሳየኋት። «እማዬ፣ ይህን ቆርቆሮ ስትገዢ የቤቱ ወለል በሚያህል ልክ ገዛሽ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። ጣራው ይበልጣል እንጂ፤ ያዘነበለ ነዋ።»

«ያኔ የለካነው ጣራውን ነው። አሁን የለኩት ወለሉን ነው።»

ጥቂት ዝም አለች። ገብቷታል ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ «እኔ ግን የማርሰው ጣራውን ነው» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዝናቡም ፀሐዩም የሚወርደው በወለሉ ልክ ነው ልላት ይቻል ነበር፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በሬዎቹ የሚረግጡት፣ ጉልበቷ የሚያልቀው በጣራው ነው። ደግሞም ስጋቷ የቁጥር ፍቅር አይደለም፤ ከተማዋ እየሰፋች ነው፣ ነገ ማሳው ለመንገድ ወይም ለቤት ቢፈለግ ካሳ የሚሰላው በወረቀቱ ላይ ባለው ስፋት ነው። ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ አቀረብሁላቸው፤ እነሱም ዝም አሉ።

300ው እንዲህ ሆነ። የቀረው 200 ካሬ ሜትርስ? በአበልጇ በኩል ባለው ድንበር ርዝመት ሲካፈል ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ይመጣል። በፋግታ ለኮማ የማያውቀው የለም፤ ገበሬው ጤፉንና ገብሱን ትቶ ዲከረንስ ተከለ፤ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያወጣበታል። ደብተሩ በእጁ መኖሩ ዛፍ ለመትከል ልብ ሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ነገ ይወሰድብኛል ያለ ሰው ዓመታት የሚጠብቅ ነገር አይተክልም። አበልጇም እስከ ድንበሩ ሣር ድረስ ተክሎ ነበር። ዛፉ ሲያድግ ቅርንጫፉ ወደ እኛ ዘነበለ። ከአየር ላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ ደግሞ የዛፉን አናት እንጂ ከሥሩ ያለውን ድንበር አያይም። መስመሩ በጥላው ጠርዝ ሄዶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ያን ቀን ዘንቦ ነበር፤ የቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፣ ሲረግብም ልኩን ያበዛል፤ ያኔ በ0.50 ውስጥ የእኔ ስሕተት ገብቶ ይሆናል። ወይም አበልጇ በየእርሻው አንድ አንድ ትልም ገፍቶ ይሆናል። ሦስቱም የሚሆን ነው። ባለሙያው ልጇ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አልቻለም፤ እርሷ ደግሞ የጠራችኝ ለዚሁ ነበር።

አበልጇ ዛፉን የቆረጠው በዚያው ሰሞን ነው። ሽማግሌዎች ተጠርተው ሁላችንም በጉቶዎቹ መካከል ተራመድን። እናቴ ከከሰሉ አፈር ውስጥ አንድ ድንጋይ አገላብጣ «የድንበሩ ድንጋይ ይኸው» አለች። እርሱም ጎንበስ ብሎ አየውና «አበልጄ፣ ድንጋይ ነው» አለ። ይህንንም ለመካድ አይቻልም። እስከ ቀትር ከተነጋገሩ በኋላ ከመጀመሪያው የጉቶ ረድፍ አንድ እርምጃ ወደ እርሱ ገብቶ ድንበር እንዲሆን፣ በሣሩም እንዳይተከል ተስማሙ፤ ድንጋዩም እዚያው ተተከለ። ጠላ ጠጣን።

መስመሩ በመዝገብ እንዲታረም ሁለቱም ፈርመው ማመልከቻ ገብቷል። እስካሁን ካርታው ያው ነው፤ ወረቀቱም 0.45 እንዳለ ነው።

ከመመለሴ በፊት እናቴ አዲሱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። አሮጌው ደብተር አሁን እንደማይሠራ ነገርኋት። «አውቃለሁ» አለችና እርሱንም እዚያው ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። የአባቴ ፎቶግራፍ ያለው በእሱ ላይ ነው።