አውሰኝ

አንድ ዕቃ የእኔ መሆኑን እርግጠኛ የምሆነው ለሌላ ሰው ማዋስ ስችል ነው። ጎረቤት በልጅ ልኮ «ወንፊት አውሱን» ሲል ወንፊቱ የማን እንደሆነ ያለ ምንም ወረቀት ይታወቃል፤ ባለቤቱ የሚለመነው ሰው ነው። ያዋሰው ለጊዜው ባዶ እጁን ይቀራል፣ የተዋሰው በአደራ ይይዛል፣ ሁለቱም እስኪመለስ ድረስ ይተሳሰባሉ። ሰሞኑን በእጄ ስለገባው አዲስ ጌም ሳስብ ሐሳቤ ደጋግሞ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ይህንን ላውሰው እችላለሁ ወይ?

ጌሙ ኔንቴንዶ ስዊች 2 ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ለገበያ የዋለ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 450 ዶላር ገደማ የነበረ፣ 7.9 ኢንች ስክሪን ያለው በእጅ የሚያዝ ኮንሶል ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለበዓል ስትመጣ ከልጆች ጫማና ከእናታችን ቫይታሚን ጋር በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ግራና ቀኙ ላይ በማግኔት የሚጣበቁ ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉት። ከስክሪኑ ይላቀቃሉ፤ አንዱን ለራስ፣ አንዱን ለእንግዳ ሰጥቶ፣ ስክሪኑን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ መጫወት ይቻላል። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ለሁለት ሰው ታስቦ የተሠራ መሆኑ ደስ አሰኘኝ።

የምጫወተው ማታ ማታ ነው፤ መብራት ሲጠፋም። ባትሪው እንደ ጨዋታው ክብደት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ እስኪመጣ ያደርሰኛል። አሁን የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የዜልዳ ጨዋታ ነው፣ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የሚባለውን። ውስጡ ሰፊ አገር አለ፤ ዓይን ያየው ተራራ ሁሉ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ግን ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ጥቂት ወጥቶ ብዙ መንሸራተት ነው። ስለዚህ ሰው ከገደሉ ሥር ይጠለልና እስኪያባራ ይጠብቃል። ክረምትን የሚያውቅ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከጨዋታው ሁሉ የምወደው ይህንኑ መጠለል ነው። እንቅልፌ ሲመጣ ከላይ ያለችውን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ጀግናው ገደሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆማል፣ ከቀናት በኋላ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ስልኬ ላይ ያሉት ጨዋታዎች «ዛሬ ካልመጣህ ሽልማትህ ይቀርብሃል» እያሉ ይጠሩኛል። ይህኛው አይጠራኝም።

ይህ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጃፓን፣ ኪዮቶ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ኔንቴንዶ የተመሠረተው ዳግማዊ ምኒልክ በነገሡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ሥራው ካርታ ማምረት ነበር፤ አበባ የተሳለባቸው፣ ሃናፉዳ የሚባሉ የመጫወቻ ካርታዎች። በ1965 ጉንፔ ዮኮይ የሚባል ወጣት የካርታ መሥሪያ ማሽኖቹን እንዲጠግን ተቀጠረ። ማሽኖቹ ደኅና ሲሆኑ የሚሠራው ስላልነበረው ለራሱ መጫወቻ ሠራ፤ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘረጋ፣ ራቅ ያለ ዕቃ የሚያነሳ የእንጨት እጅ። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ አየውና ለገበያ እንዲያዘጋጀው አዘዘው። «አልትራ ሃንድ» ተብሎ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጠጋኙም ከዚያ ወዲያ የፈጠራ ሰው ሆነ።

ዮኮይ ከዓመታት በኋላ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ መንገደኛ የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች እየነካካ ጊዜውን ሲገፋ አየ ይባላል። በዚያን ጊዜ የሒሳብ ማሽን አምራቾች በዋጋ ይፎካከሩ ስለነበር ትንንሾቹ ስክሪኖች ረክሰው ነበር። በ1980 ኪስ ውስጥ የሚገባው «ጌም ኤንድ ዎች» ወጣ። ዛሬ አውራ ጣታችን የሚያርፍባት የመስቀል ቅርጽ ያላት ቁልፍም ከዚሁ ተከታታይ ነው የተገኘችው፤ በ1982 ከወጣው ዶንኪ ኮንግ። የዮኮይ እምነት ግልጽ ነበር፦ ሁሉም የለመደውንና ዋጋው የወደቀውን ቴክኖሎጂ ወስዶ ማንም ባላሰበው ቦታ ላይ ማዋል። እኔ በዚህ እምነት ውስጥ ትልቅ አክብሮት ይታየኛል፤ ተጫዋቹ ገንዘቡን አፍስሶ ሲያበቃ ባትሪ እንዳያጣ፣ ዕቃው ከእጁ ወድቆ እንዳይሰበርበት የሚያስብ አክብሮት።

በ1989 የወጣው ጌምቦይ የዚህ እምነት ፍሬ ነው። ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ አረንጓዴ መሰል አራት ደረጃ ጥላ ብቻ። ተፎካካሪዎቹ የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር ቀለም ነበራቸው፣ ስክሪናቸውም ያበራ ነበር። ግን ጌም ጊር ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፤ ጌምቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ጌምቦይና ባለቀለሙ ተከታዩ አንድ ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ዮኮይ በ1996 ድርጅቱን ለቀቀ፤ በዓመቱ በመኪና አደጋ አረፈ፣ ገና በ56 ዓመቱ።

ከጌምቦይ ጋር አሜሪካ ውስጥ በአንድ ካርቶን የተሸጠው ቴትሪስ ደግሞ የራሱ ጉዞ አለው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒውተር ማዕከል ሲሠራው ሥዕል ማውጣት በማይችል ኮምፒውተር ላይ፣ ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ቀርጾ ነበር። ጨዋታው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በዲስክ እየተገለበጠ ሄደ። መብቱ የመንግሥት ስለነበር ፓጂትኖቭ እስከ 1996 ድረስ ከሽያጩ ድርሻ አላገኘም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ሰው በነፃ እጅ ለእጅ እየተቀባበለው ቴትሪስ ቴትሪስ ሆነ፤ የሠራው ሰው ግን የልፋቱን ዋጋ ለዓመታት አላየም። አንዱን አይቼ ሌላውን መርሳት አልፈልግም። በ1993 ኮስሞናውት አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ ጌምቦይና ቴትሪስ ይዞ ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ወጣ፤ 196 ቀን ቆይቶ ተመለሰ።

ወደ እኛ ሠፈር የመጣው ግን ጌምቦይ ራሱ አልነበረም። የመጣው ብሪክ ጌም ነው፤ ሲበዛ ቀላል፣ ፊቱ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጨዋታ እንዳለው የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ያው ቴትሪስ ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ያለ ፕላስቲክ። አንድ ልጅ ይኖረዋል፤ ደረጃው ላይ በተርታ የምንቀመጠው ግን ብዙ ነን። ሕጉ አጭር ነበር፦ ከሞትክ አቀብል። ጨዋታውን የተማርኩት ተራዬን ስጠብቅ የሌላ ሰው ጣት እያየሁ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ እንደገና ይዞራል። ባለቤቱን ልጅ እናከብረው የነበረው ዕቃው ስላለው ብቻ አልነበረም፤ አውሰኝ ሲሉት እሺ ስለሚል ነው።

በጃፓን ደግሞ በዚያው ዘመን የውሰት ስሜት ጨዋታው ውስጥ ገባ። የፖኬሞን ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት ይሰበስብ ነበር። ሁለት ጌምቦይ የሚያገናኘውን ገመድ ሲያይ በውስጡ ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ታዩት። ፖኬሞን በ1996 ሲወጣ ሆን ተብሎ በሁለት ዓይነት ካሴት ተሸጠ፤ በአንዱ የሚገኘው ፍጥረት በሌላው አይገኝም። ስብስቡን ለመሙላት ሌላው ካሴት ያለው ሰው ፈልጎ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ገመድ ሰክቶ መለዋወጥ ግድ ነው። ብቻህን አትጨርሰውም የሚል ጨዋታ መሥራት፣ ያውም ብቻን ለመጫወት በሚያመች መሣሪያ ላይ፣ በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው።

የእነዚያ ካሴቶች አንድ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። የደረስክበት ቦታ የሚቀመጠው ኮንሶሉ ላይ ሳይሆን ካሴቱ ውስጥ ነበር፤ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ታቆየዋለች። ስለዚህ ያገለገለ ፖኬሞን የገዛ ሰው ሲከፍተው የማያውቀው ልጅ ስም ይጠብቀዋል፤ ያሳደጋቸው ፍጥረታት፣ የሰጣቸው ስያሜ፣ የቆመበት ከተማ። አዲስ ለመጀመር ያንን መደምሰስ አለበት። ባትሪዋ ስታልቅ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። የአሁኖቹ የስዊች ካርዶች እንዲህ አይደሉም፤ የተጫዋቹ ታሪክ ኮንሶሉ ላይ ይቀራል፣ ካርዱ ምንም ሳያስታውስ ይሄዳል። ለማዋስ ይህ ይሻላል፤ የተዋሰው ልጅ የእኔን መንገድ ያጠፋብኛል ብዬ አልሰጋም። ግን ካርዱ ሲመለስ ማን ቤት እንደነበረ አይናገርም።

ካርዷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ሕፃናት እንዳይውጧት ዴናቶኒየም ቤንዞኤት የሚባል እጅግ መራራ ነገር ተቀብታለች። እኔ ይህችን መራራ ካርድ እወዳታለሁ። ኮንሶሉ ላይ ስሰካት ጨዋታው የእኔ ነው፤ ነቅዬ ስሰጥ የሌላው ነው። የአንደኛው ስዊች ካርዶች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በአዲሱም ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከእኛ ፎቅ በታች ያለው ተማሪ፣ አሮጌ ስዊች ያለው፣ ከእኔ ጋር መዋዋስ ይችላል። «ጋሼ፣ ዜልዳን ሲጨርሱ» ብሎ ቀድሞ አስይዟል።

ችግሩ በዚሁ በአዲሱ ኮንሶል ሌላ ዓይነት ካርድ መምጣቱ ነው። «ጌም ኪ ካርድ» ይባላል። መልኩ ካርድ ነው፣ በሳጥን ይሸጣል፣ ኮንሶሉም ይቀበለዋል፤ ጨዋታው ግን ውስጡ የለም። ያለው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር ከኢንተርኔት ይወርዳል። አንዳንዱ በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። እርግጥ ይህም ካርድ ይዋሳል፣ ይሸጣል። የተዋሰው ሰው ግን እንደገና ማውረድ አለበት። የሞባይል ዳታ በፓኬጅ እየገዛ ለሚኖር የአዲስ አበባ ተማሪ ይህ ውሰት ከግዢ ብዙም አይለይም። ጨዋታው የሚወርድበት ሰርቨር አንድ ቀን ከተዘጋ ደግሞ ካርዱ የሚከፍተው በር አይኖርም። ለፍትሕ ስል ልናገር፦ ኔንቴንዶ ራሱ የሠራቸው እንደ «ማሪዮ ካርት ወርልድ» ያሉት ሙሉ በሙሉ ካርዱ ላይ ናቸው፤ ሰፊው «ሳይበርፐንክ 2077»ም ሳይቀር 64 ጊጋባይት ካርድ ላይ ገብቷል። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው። ትልቅ ካርድ ውድ መሆኑ ይገባኛል፤ ወጪውን ወደ ገዢው ኢንተርኔት ማዛወር ግን ኢንተርኔት በሁሉም ቤት እኩል ይፈሳል ብሎ መገመት ነው።

ካርድ ጨርሶ የሌለው ግዢም አለ። የኔንቴንዶ የኢንተርኔት ሱቅ ኢትዮጵያን አያገለግልም፤ እዚህ ያለ ተጫዋች አካውንቱን በሌላ አገር ስም ከፍቶ፣ ውጭ ያለ ዘመድ የገዛለትን የጊፍት ካርድ ቁጥር ያስገባል። የገዛው ነገር ከአካውንቱ አይወጣም። የቀድሞው የኔንቴንዶ 3ዲኤስ ሱቅ በማርች 2023 ሲዘጋ በሱቁ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ብዙ ጨዋታዎች መግዣቸው ጠፋ። ካሊፎርኒያ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ዲጂታል ዕቃን «ይግዙ» እያለ የሚሸጥ ሻጭ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ እንዲነግረው በሕግ አስገድዳለች። ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ የሚያስታውቀው ነገር ግን ያሳዝነኛል።

ኔንቴንዶ ለዚህም መልስ ሞክሯል። በ2025 የመጣው «ቨርቹዋል ጌም ካርድ» በኢንተርኔት የተገዛን ጨዋታ በአንድ የቤተሰብ ቡድን ውስጥ፣ እስከ 8 ሰው፣ ለሁለት ሳምንት ለማዋስ ይፈቅዳል። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ጨዋታው ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ራሱ በሚመለስ ዕቃ ማንንም አላምንበትም፣ ማንም አያምነኝም። ታችኛው ፎቅ ያለው ልጅ ካርዴን ሳይመልስ ወር ቢያቆይ በደረጃው ላይ ስንገናኝ አንገቱን ይደፋል፣ እኔም የት እንደደረሰ እጠይቀዋለሁ፣ ቆመን እናወራለን። ይህን ንግግር የትኛውም ሥርዓት እንዲያስቀርልኝ አልፈልግም።

ማዋስ መገልበጥ አይደለም። የፓጂትኖቭን ዓመታት አስቤ የተሰረቀ ጨዋታ ለመጫን እጄ አይታዘዘኝም። ያዋስኩት ካርድ ግን እኔ ቤት ቦታውን ባዶ ይተዋል፤ ልጁ ሲጫወት እኔ አልጫወትም። ሠሪው አንድ ሸጧል፣ በማንኛውም ሰዓትም የሚጫወተው አንድ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ጨዋታ መግዛት የምንጀምረውም አስቀድመን ተውሰን ስለወደድነው ነው።

ስለዚህ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ሆናችሁ ለወንድም፣ ለእህት ልጅ ጌም የምትልኩ ሁሉ፣ ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን ስታነሱ ፊቱን ግርጌ ድረስ እዩልን። የቁልፍ ምልክትና ጽሑፍ ያለበት ነጭ መደብ ካለ ጨዋታው ውስጡ የለም፤ መልሱትና ሌላ ፈልጉ። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ሙሉውን ግዙ። ያገለገለ የአንደኛው ስዊች ካርድ ብታገኙ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል፤ ርካሽ ነው፣ ከጥቂቶች በቀር ሁለቱም ኮንሶል ላይ ይሠራል፣ ከእኛ ፎቅም አልፎ ሦስተኛ ብሎክ ላለችው የልጁ የክፍል ጓደኛ ይደርሳል፤ እሷም ለማዋስ የተዘጋጀች አንድ የፖኬሞን ካርድ አለቻት ተብያለሁ።