ኃይሉ መርጊያ ብቻውን

በጂንካ ዙሪያ በሚኖሩት አሪዎች ዘንድ የቀርከሃ ነፊዎች ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ ሰው የሚይዘው አንድ ድምፅ ነው። ዜማው የሚሞላው ሲቀባበሉት ነው፤ አንዱ ከቀረ ክፍተቱ ይሰማል።

የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በአሜሪካ የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን ሲቀዳ ቅብብሉን ሁሉ ለራሱ ያዘው። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7፣ የከበሮ ማሽን፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ! በአዲስ አበባ ሂልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር መድረክ ያደምቅ የነበረው ሰው፣ አያቶቻችን የሚያውቁትን አኮርዲዮን ከማሽን ምት ጋር አጋባው። ይህ ድፍረት ነው።

የውጭ ሃያስያን ያጨበጨቡለት ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ፣ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በ2013 በድጋሚ አወጣው። አድናቆቱ ይገባዋል። ሆኖም ብዙዎቹ ጽሑፎች በዋሽንግተን ታክሲ መንዳቱንና መኪናው ውስጥ ኪቦርድ መያዙን አስቀድመው ይተርካሉ። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ግን በዚያ አልበም «ሸሞንሟናዬ» በተባለው ዜማ ላይ አኮርዲዮኑ ትንፋሹን እየሳበ ከሲንተሳይዘሩ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አይነግረንም።

ይህን ማስረዳት ቅኝቱን ከልጅነቱ ለሚያውቅ አድማጭ ይቀርባል። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለው አልበሙ ሲወጣም የውጭዎቹ በሰፊው ጻፉ። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ዜማ በዜማ የሚመረምር ሰፊ የአማርኛ ሂስ ኃይሉ በሕይወት እያለ ሊጻፍለት ይገባል።