ገሳይ ላይ ለክረምት ቤት ስለ ማሰናዳት

ከደብረ ታቦር ከተማ ተነሥቶ ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የጉናን ተራራ እየተመለከተ ገሳይ ይደርሳል። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ የተባሉትም ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ። ስለዚህ የገሳይ ሰው በደመና ደጃፍ ይኖራል ቢባል ማጋነን አይደለም። በግንቦት መጨረሻ ጠዋት ፀሓይ ሆኖ ሳለ ከቀትር በኋላ በተራራው ራስ ላይ ጥቁር ደመና ይቆማል፤ ነፋሱም ይቀዘቅዛል፤ ወዲያውም በረዶ እንደ ሽምብራ ይበተናል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፣ የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። በዚያ አገር ግን በሰኔ መግቢያ ጣራውን ያልከደነ ሰው እንደ ዘገየ ይቈጠራል።

በገሳይ የእናቴ ታናሽ እኅት አሉኝ። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውም በየከተማው የተበተኑባቸው ሴት ናቸው። እኔና ወንድሞቼ ከሦስት ዓመት በፊት ገንዘብ አዋጥተን የቆርቆሮ ቤት አሠርተንላቸው ነበርና ከእንግዲህ ወዲህ የክረምት አሳብ የለባቸውም ብለን ተዘልለን ተቀምጠን ነበር። ዘንድሮ በግንቦት ለሥራ ደብረ ታቦር ስለ ደረስሁ፣ አንድ ሌሊት አድሬ ልጠይቃቸው ብዬ ወጣሁ። በደረስሁ ጊዜ የቆርቆሮው ቤት ተቈልፎ፣ እርሳቸው በጓሮ ባለችው በአሮጌዪቱ የሣር ጎጆ ተቀምጠው እሳት ይሞቁ ነበር።

«ስለ ምን በዚያኛው ቤት አይቀመጡም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የእናንተ ቤት ለእንግዳ መልካም ነው። ሌሊት ግን ብርዱ ከላይ ይወርድብኛል፤ በረዶ ሲጥልም የሚጠራኝን ሰው እንኳ አልሰማም» አሉኝ።

ቀና ብዬ ባይ በጭስ በጠቈረው ጣራ መካከል ሰማይ በሦስት ስፍራ ይታያል። ከዚያው በታች የዘር ገብሳቸው ያለበት ጎታ ቆሟል። ባለፈው ክረምት ውኃ ገብቶ ከዘሩ እኩሌታው በቅሎባቸው ኖሯል፤ ለእኛ ግን አልነገሩንም። ዘሩ የጠፋበት ገበሬ ወይ ይበደራል ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። እኔም አፍሬ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድድ፣ «ገንዘቡን ተወው፤ ሰው ጥራልኝ፤ አንተም ሁለት ቀን ቆይልኝ» አሉ።

የሣሩ ነገር ቀላል አልነበረም። ለክዳን የሚሆን ሣር የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ደርቆ ሳለ ነውና፣ በግንቦት የሚፈልግ ሰው ካከማቸ ሰው መለመን ወይም መግዛት አለበት። ቀድሞ ከጉና ራስ ጓሳ ይወርድ ነበር፤ ጓሳ ረጅም፣ ቀጭንና ጠንካራ ስለ ሆነ ለክዳን የሚበልጠው የለም። ዛሬ ግን ከአስታውና ከጅብራው ጋራ ተራራው እንዲጠበቅ ስለ ተደረገ እንደ ልብ አይታጨድም። ይህም የሚያስወቅስ አይደለም፤ የጉና ራስ ቢራቈት ወንዞቹ አፈሩን ተሸክመው ወደ ፎገራ ሜዳ ይሄዳሉ። ከሁለት ጎረቤት የተከማቸ ሣር ገዛን፤ ደቦም ተጠራ፤ የአክስቴ ጠላ ስላልደረሰ ጠላው እንኳ ከሰው ቤት መጣ።

የከዳኙን ሽማግሌ ሥራ በሚገባ ተመለከትሁ። አሮጌውን ክዳን በሙሉ አላነሣም፤ የበሰበሰውን ብቻ ቀደደ፤ ጭስ ያጠቈረውን የውስጡን ሣር ተባይ አይደፍረውም ብሎ ተወው። አዲሱን ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ላይ፣ የላይኛው የታችኛውን አንገት እየሸፈነ ደረበው። ጣራው ቁልቁለት ሊሆን ይገባዋል፤ በተለጠጠ ጣራ ላይ በረዶ ይከማችና ሲቀልጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በየቀኑ እሳት የማይነድበት ጎጆም ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል። ያው ጭስ ግን የሴቶቻችንን ዓይንና ሳምባ የሚጎዳ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ለአክስቴ ከበሩ ትይዩ ትንሽ የጭስ መውጫ መስኮት እንዲከፈት ያደረግሁት ስለዚህ ነው። ሽማግሌው ግን አልወደደውም።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማረን መምህር፣ ቤትን የሚያፈርሰው ከጣራ ከሚወርደው ይልቅ በግድግዳው ሥር የሚተኛው ውኃ ነው ይለን ነበር። ስለዚህ ከቤቱ በላይ በዳገቱ በኩል እንደ ጨረቃ የጐበጠ ቦይ ቈፈርን። ነገር ግን ቦዩ የት ይፍሰስ? ቀላሉ መንገድ በጎረቤት ግድግዳ በኩል ነበር። ክረምት አልፎ ችሎት ሲከፈት ከሚጻፉት ክሶች ስንቱ ከእንዲህ ያለ ቦይ እንደሚነሣ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ከማንም ይልቅ አውቃለሁ። ጎረቤቱን ጠርተን፣ አብረን ቆመን፣ ሠላሳ እርምጃ ጨምረን እስከ ፈፋው ድረስ ወሰድነው። ለግድግዳው ልስን የተቦካው ጭቃ ከጭዱ ጋራ ጥቂት ቀናት መሰንበት ሲገባው ሁለት ሌሊት ብቻ አደረ፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ብዕር ብቻ የለመደው እጄም ውኃ ቋጠረ።

ይህ አገር ክረምትን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚሲዮን ባለ እጆች ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅደላ ጉዞ የጀመረው ዝናቡ ካባራ በኋላ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ነው። መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነበር። በሐምሌ ጭቃ ቢሆን ኖሮ ከጉና ግርጌ የሚያልፍ አይመስለኝም።

የቀረው የሴቶች ስንዱነት ነው። ኩበቱ በሰኔ ከረጠበ እስከ መስከረም ስለማይደርቅ ከጣራ ሥር ተደርድሮ ተከመረ። ጎታው ከመሬት ርጥበት እንዲርቅ ከሥሩ ድንጋይ ተደረገለት። ባናው ፀሓይ ላይ ተሰጥቶ ተራገፈ፤ ለእረኛው ልጅ አዲስ ገሳ ተገዛለት።

በከተማ በቆርቆሮ ቤት የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከአክስቴ አነጋገር የምንማረው አለ። ቆርቆሮ ውኃን ይከለክላል እንጂ ብርድን አይከለክልም፤ ስለዚህ ከሥሩ በጨርቅም ቢሆን ኮርኒስ ያስፈልገዋል። ኮርኒስ የሌለው ሰው ብርዱን ለማራቅ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛውን ሳያስነቃ ይገድላልና፣ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታ ነው።

አንድ ሌሊት ብዬ ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። ሥራ ስለ ጠበቀኝ ክዳኑ ሳያልቅ ተነሣሁ፤ በምሥራቅ በኩል የሰፌድ ያህል ስፍራ ቀርቶ ነበር። በዚያው ሌሊት ደብረ ታቦር ላይ ከባድ በረዶ ጣለ። የተኛሁበት ቤት ቆርቆሮ ስለ ነበረ እስኪያባራ ድረስ ከጩኸቱ በቀር የሰማሁት የለም፤ ስልክ ብደውልም አልያዘም። በሦስተኛው ቀን ከገሳይ የመጣ ሰው የአክስቴን መልእክት አደረሰኝ። በምሥራቅ በኩል ጥቂት አፍስሷል፤ ጎታውን ግን አልነካውም፤ ሽማግሌውም በማግስቱ ጨርሶታል። የቆርቆሮውን ቤት ከሩቅ ለሚመጡ ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን እንዲያድሩበት ሰጥተዋቸዋልና፣ ለኮርኒሱ የሚሆን አቡጀዲ በቶሎ እንድልክ አዘዋል።