ቁልፉን ማን አየው?

ስልካችሁን የምታጠፉበት ቁልፍ ምንም ነገር አያጠፋም። ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ማብሪያ ሽቦውን ይቆርጣል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የስልክና የላፕቶፕ ፓወር በተን ግን ማመልከቻ ነው። ሲጫኑት አንዲት ትንሽ ቺፕ "ሰው ነካኝ" ብላ ምልክት ትልካለች። ምልክቱን የሚቀበለው ድራይቨር የሚባል አጭር ኮድ ነው። ድራይቨሩ ለከርነሉ ይነግራል፤ ከርነሉ 116 የሚል ቁጥር የተሰጠውን የፓወር ቁልፍ መልእክት ወደ ላይ ያስተላልፋል፤ ላይ ያለው ሶፍትዌር እንደ ሁኔታው ይወስናል። ስክሪኑን ያጨልማል፣ ያስተኛል ወይም "ይጥፋ ወይስ እንደገና ይነሳ?" ብሎ ይጠይቃል። ማመልከቻው መልስ ካጣ አንድ የመጨረሻ መንገድ አለ፤ ተጭኖ መያዝ። ኮምፒውተር ላይ ቁልፉ ከአራት ሰከንድ በላይ ከተያዘ ሃርድዌሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ኃይሉን ይቆርጣል። ሪፖርት ጽፎ ሳይጨርስ ኮምፒውተሩ የደረቀበት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቀዋል።

ዛሬ የሚነሳው ጉዳይ መሃል ላይ ስላለችው አጭር ኮድ ነው፤ ከመግባቷ በፊት ማን እንደሚያያት።

ከርነል የኮምፒውተሩ እምብርት ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ስክሪን፣ ባትሪ ወይም ቁልፍ ጋ መድረስ ሲፈልግ በእሱ በኩል ያልፋል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ሊኑክስ የሚባለው ነው። የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ፣ እዚሁ አገር የሚገጣጠመውን ቴክኖ ጨምሮ፣ ከሥሩ ሊኑክስ አለው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራውን ለዓለም ያሳወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ስንት መዋቅር ፈርሶ ስንት እንደተሠራ ተመልካች ይቁጠረው፤ ያኛው ግን በዚያው መንገድ እየቀጠለ ነው። ማንም ሰው ኮድ ጽፎ በኢሜይል ይልካል፣ የሚያውቁት በአደባባይ ይተቹታል፣ ካለፈ ይገባል።

እንበል፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ተግባረ እድ የተማረ አንድ ልጅ አለ። በላይ ባቡሩ በሚያልፍበት፣ በታች የታክሲ ረዳት በሚጮህበት አካባቢ በተከራያት ክፍል ለባለሱቆች የምትሆን ትንሽ የሒሳብ ሳጥን ይሠራል። መብራት ሲሄድ የቀኑ ሽያጭ እንዳይጠፋ ባትሪ አለባት፤ ኃይሏን የምትቆጣጠር ርካሽ ቺፕ አለች፤ አንድ ፓወር በተን አላት። ለቺፗ የሚሆን ድራይቨር ሊኑክስ ውስጥ ስላላገኘ ራሱ ጻፈው። ብዙ አይደለም። ሊኑክስ ውስጥ ያሉ የፓወር ቁልፍ ድራይቨሮች አንዳንዶቹ ከመቶ መስመር ብዙም አይበልጡም። ቁልፉን ሲጫነው ሠራ። ሃያ ጊዜ ሞከረው፣ ሃያውንም ጊዜ ሠራ። ላከው።

መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ ቅስም የሚሰብር ነው፤ "ይህ ድራይቨር ለምን አስፈለገ?" ቁልፉ ከቺፗ ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከአንድ የምልክት መስመር ጋር የተያያዘ ቢሆን ኖሮ፣ ለዚያ የሚሆን ለሁሉም የሚያገለግል ድራይቨር አለ፤ አዲስ መጻፍ አያስፈልግም። በዚያ ሰፈር ኮድ ማብዛት ሙያ አይደለም። የገባ መስመር ሁሉ ለዓመታት የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ልጁ ቺፗ የራሷ አሠራር እንዳላት ማስረዳት አለበት፤ ማስረጃውም ከኮዱ ጋር በሚጓዘው መግለጫ ውስጥ ይጻፋል። ምን እንደሠራ ኮዱ ይናገራል፤ መግለጫው ለምን እንደሠራ ነው።

ሁለተኛው ትችት ሥልጣን ነክ ነው። ልጁ ለሱቁ አስቦ፣ ቁልፉ ሲነካ ድራይቨሩ ራሱ ሳጥኗን እንዲያጠፋ አድርጎ ጽፏል። ይህ አይፈቀድለትም። የድራይቨሩ ሥራ "ቁልፉ ተነክቷል" ብሎ መናገር ብቻ ነው፤ ምን ይደረግ የሚለው የላይኛው ሶፍትዌር፣ በመጨረሻም የባለቤቱ ውሳኔ ነው። አንዱ ባለሱቅ ቁልፉ ሲነካ እንዲያጠፋለት ይፈልጋል፤ ሌላው ልጆች ስለሚነካኩበት ምንም እንዳይሆን ይፈልጋል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ እንግዳ መምጣቱን ይናገራል እንጂ ማን ይግባ ብሎ አይፈርድም። (ዘበኛው የሚፈርድባቸውን ቢሮዎች አንባቢ ያውቃል።)

ሌሎቹ ትችቶች ቶሎ ያልቃሉ። ቁልፍ ሲጫኑት ብረቱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይንጫጫል፤ ካልተጣራ አንድ ንክኪ አምስት ይመስላል። ሳጥኗ ተኝታ ሳለ ቁልፉ ሊቀሰቅሳት እንዲችል ለከርነሉ በግልጽ መነገር አለበት፤ አለበለዚያ የተኛች እንደተኛች ትቀራለች። ቅደም ተከተልም አለ። ልጁ ምልክት መቀበያውን የከፈተው መልእክቱን የሚያስተላልፍበትን ነገር ሳያዘጋጅ ነው፤ በዚያች ቅንጣት ጊዜ ቁልፉ ቢነካ ከርነሉ ባዶ ቦታ ረግጦ ይወድቃል። ሃያ ጊዜ ሲሞከር ያልታየው ለዚህ ነው። ሳጥኗ እየተነሳች ሳለ የነካት የለም።

አራተኛውን ትችት ግን ቀስ ብሎ ማየት ያሻል፤ ግምገማ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ድራይቨሩ ምልክት ሲደርሰው ቺፗን "ቁልፉ አሁን ምን ላይ ነው?" ብሎ ይጠይቃታል። ቺፗ 1 ካለች ተጭኗል፣ 0 ካለች ተለቋል። ልጁ የጻፈው "መልሱ ዜሮ ካልሆነ ተጭኗል" ብሎ ነው። ትክክል ይመስላል፤ መቶ ሰው ቢያነበው ዘጠና ዘጠኙ ያልፈዋል። ነገር ግን ከቺፗ ጋር የሚደረገው ንግግር አንዳንዴ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው መልስ 1 ወይም 0 ሳይሆን ስህተት መኖሩን የሚናገር ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ነው። ለምሳሌ −5 ማለት "ማንበብ አልተቻለም" ማለት ነው። −5 ደግሞ ዜሮ አይደለም። ስለዚህ በልጁ ኮድ "አልሰማሁም" የሚለው መልስ "ተጭኗል" ተብሎ ይተረጎማል።

እንግዲህ ቺፗ ሳትመልስ የምትቀረው መቼ ነው? ምናልባትም ኃይሉ ሲዋዥቅ፣ ሳጥኗ ከመስመር ወደ ባትሪ በምትዞርበት ቅጽበት። ማለትም መብራት ሲሄድ። መብራት ሲሄድ እንዳትጠፋ የተሠራች ሳጥን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ማንም ሳይነካት "አጥፉኝ ተብያለሁ" ብላ ልትጠፋ ትችላለች። ባለሱቁ ባትሪው ሞተ ይላል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ እንደገና ትጠፋለች፤ ለጥገና ቢወስዳት ጠረጴዛው ላይ መብራት ስላለ በሚገባ ትሠራለች። ጥፋቱ ያለው በአንድ መስመር ውስጥ ነው፤ እሱን የሚይዘው ሌላ ዓይን ብቻ ነው። ጸሐፊው ራሱ አያየውም። ለማለት የፈለገውን ስለሚያውቅ፣ የሚያነበው ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አይደለም።

ግምገማ ሲባል እዚህ አገር ብዙ ሰው ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ "ግለ ሂስ አውርድ" የሚል ሊቀመንበር፣ ከሁለት ቀን በኋላም ሰውዬው ተገምግሞ የሚቀር ሥራ። ያኛው ግምገማ ሰውን ይጠይቃል፤ ሰውዬውን አንበርክኮ ያበቃል። ይህኛው የሚጠይቀው መስመሩን ነው። አስተያየቱ አንዳንዴ ይጎመዝዛል፤ ቶርቫልድስ ራሱ ለዓመታት በአፉ ሻካራነት ሲወቀስ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቆ ለተወሰነ ጊዜ ገለል ብሎ ነበር። ሆኖም ከጉምዛዜው ሥር ሁልጊዜ አንድ የሚታይ መስመርና አንድ የሚመለስ ጥያቄ አለ። ልጁ አርሞ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እትም ይልካል፤ ከእትም ወደ እትም ምን እንደቀየረም ይዘረዝራል።

አሁን ከሜክሲኮ በእግር ትንሽ ሄድ ይባል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ማማ ጋ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነውን የማያስታውስ የለም። ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተናገረ። የወጣው ገንዘብ በባንኩ አኃዝ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ሆነ። ሰበኩ፣ ተቀለደ፣ ተዛተ፤ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ።

የሌላውን ገንዘብ መውሰድ ስህተት ነው፤ እሱ አያከራክርም። ግን በተለጠፈው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስም ብቻ ነበር። ያ ለውጥ ሲስተሙ ላይ ከመጫኑ በፊት መስመር በመስመር አንብቦ "ይለፍ" ያለው ማን ነበር? "ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን ማረጋገጥ ካልተቻለ ምን ይሆናል?" ብሎ የጠየቀ ነበር ወይ? ጥያቄው ከልጁ −5 ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ማወቅ ያልቻለ ሲስተም ምን ብሎ ይወስን? ባንክ ኮዱን አደባባይ ያስጣው የሚል የለም። ሆኖም የሚሊዮኖችን ገንዘብ የሚነካ ለውጥ፣ የአንዲት ሱቅ ቁልፍ የሚጠየቀውን ያህል በስም ተፈርሞ መጠየቁን ማወቅ የደንበኛ መብት ነው። (ስለ ሌላኛው ማጥፊያ፣ አገር ሙሉ ኢንተርኔት ስለሚዘጋበት ቁልፍ፣ እዚህ ማንሳት ያጓጓል። እሱ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል።)

የሊኑክሱ መንገድ እንከን የለውም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2013 ዓ.ም. የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ጉድለት ያለበት ኮድ ልከው ገምጋሚዎቹን እንደፈተኑ ሲታወቅ፣ ከርነሉን ከሚመሩት አንዱ ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ሥራ እንዳይገባ አገደ። ገምጋሚም ሊታለል ይችላል። ፖለቲካም አይቀርም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከማዕቀብ ጋር በተያያዘ የተወሰኑ ሩሲያውያን ከኃላፊዎች ዝርዝር ወጥተዋል። ስለዚህ "ማንም ከየትም ቢመጣ" የሚለው ቃል እስከ መጨረሻው አይሠራም። ገምጋሚ ደግሞ ጥቂት ነው። የቁልፍና የመሰል መሣሪያዎችን ክፍል ለረጅም ዓመታት የያዘው ድሚትሪ ቶሮኮቭ ነው፤ የዓለም ቁልፍ ሁሉ ወደ አንድ በር ሲመጣ ወረፋ መጠበቅ የግድ ነው። ልጁ ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። ሜክሲኮ ታክሲ ለጠበቀ ሰው ይህ አዲስ አይደለም።

ይሁን እንጂ ለመግባት የሚጠየቀው ነገር ያስገርማል። ዲግሪ አይጠየቅም። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ማኅተም አይጠየቅም። ሥራው በተራ ጽሑፍ ስለሚላክ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ሰዓት እንኳ ይሄዳል። የሚጠየቀው ፊርማ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮድ የሚልክ ሰው ሁሉ ከሥሩ ስሙንና ኢሜይሉን ያሰፍራል፤ "ይህን እኔ ሠርቼዋለሁ ወይም የማስተላለፍ መብት አለኝ" ማለት ነው። አንብቦ የተስማማው ገምጋሚም ስሙን ከሥር ይጨምራል። ኮዱ ሲገባ ሁለቱም ስሞች አብረው ይገባሉ፤ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ታሪኩ ውስጥ ይቀራሉ።

ልጁ በሦስተኛው እትም ያቺን መስመር አስተካክሏል። መልሱ ከዜሮ በታች ከሆነ ድራይቨሩ ስህተቱን መዝግቦ ዝም ይላል፤ ሳጥኗም አትጠፋም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነ አገር ያለ የማያውቀው ሰው ያንኑ ቺፕ ገዝቶ ቁልፉ አልሠራ ቢለው፣ ፋይሉን ከፍቶ የመስመሩን ታሪክ ያያል። እዚያ ሁለት ስም ያገኛል፤ ኢሜይሉን የሚልከውም ለሁለቱ ነው።