የክትና የአዘቦት

ስለ ሴቶች ልብስ የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ተግሣጽ ነው፣ ወይ ሙገሳ ነው። ተግሣጹ ቀሚስ አጠረ፣ ሱሪ ጠበበ እያለ ይቈጣል፤ ሙገሳውም በሠርግና በዓመት በዓል ቀን የታየችውን ሴት ከአበባ ጋር ያወዳድራል። ነገር ግን ማለዳ ተነሥታ፣ ልጆቿን ቁርስ አብልታ፣ ለታክሲ ተሰልፋ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከሥራ ገበታዋ ላይ መገኘት የሚገባት ሴት «ዛሬ ምን ብለብስ ይሻለኛል?» ብላ ብትጠይቅ፣ ተግሣጹም ሙገሳውም አይመልሱላትም። እኛ ግን ከአሥር ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ሥራ ላይ ስንቈይ፣ በሴትነታችንም ይህን ጥያቄ በየማለዳው ስንመልስ ስለ ኖርን፣ ልምድ ያስተማረንን ለእኅቶቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

እናቶቻችን ልብስን በሁለት ይከፍሉታል፤ የክትና የአዘቦት ይሉታል። የክት የተባለው ለክብር ቀን ሣጥን ውስጥ ተከትቶ የሚቈየው ሲሆን፣ የአዘቦት የተባለው በሥራ ቀን የሚዘወተረው ነው። ክፍፍሉ ብልህነት ያለበት ነው። ዳሩ ግን በዛሬው ጊዜ ብዙዎቻችን ገንዘባችንን በሙሉ በክቱ ላይ አፍስሰን፣ ለአዘቦቱ የተረፈውን እንለብሳለን። እስቲ ቀኖቹን እንቍጠራቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ዓመት በዓሉም ተደምሮ ሠላሳ ቀን ቢሆን፣ የቀረው ከ330 በላይ የሆነው ቀን አዘቦት ነው። ሰው የሚያውቀን፣ አለቃ የሚመዝነን፣ ባለጉዳይ የሚያነጋግረን በእነዚህ ቀኖች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን አጭር ነው፤ ገንዘቡ ቀኑን ይከተል።

ልብስ ከመግዛት አስቀድሞ የሚኖሩበትን አገር አየር ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ጧት ታንቀጠቅጣለች፣ ቀትር ላይ ታልባለች፣ ማታ ደግሞ መልሳ ታቀዘቅዛለች። እንዲህ ላለው አየር አንድ ወፍራም ልብስ አይበጅም፤ ሥሥ ሸሚዝ ከውስጥ፣ ሹራብ ከላይ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ነጠላ ወይም ኮት ተደርቦ፣ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ የሚወልቅ መሆን አለበት። የጨርቁንም ዓይነት መለየት ይገባል። ጥጥ ላብ ይመጣል፣ ያስተነፍሳልም፤ ፖሊስተርና ናይሎን ደግሞ ቶሎ ይደርቃሉ፣ አይጨማደዱም፣ ነገር ግን ላቡን ከገላ ላይ ያስቀሩታል። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢል፣ ከስፌቱ ጫፍ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መሞከር ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይጠጥራል።

የልብሱ ልክ የሚታወቀው በመስታወት ፊት ቆሞ በማየት ብቻ አይደለም። እኛ ልብስ ስንለካ ሦስት ነገር እናደርጋለን። አንደኛ፣ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ ቀሚሱ ከጕልበት በላይ ከሸሸ፣ ቀኑን ሙሉ እርሱን ስንጐትት ልንውል ነው። ሁለተኛ፣ ከላይኛው መደርደሪያ መዝገብ እንደምናወርድ ሆነን ሁለት እጃችንን ወደ ላይ እናነሣለን፤ ሸሚዙ ከወገብ ከተነቀለ ወይም ብብቱ ከያዘን እንተወዋለን። ሦስተኛ፣ የታክሲ ደረጃ እንደምንወጣ እግራችንን እናነሣለን። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በድልድዩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች የሚሳፈሩ እኅቶች፣ በጠባብ ጉርድ ደረጃ መውጣት ምን እንደ ሆነ ያውቁታል። ሦስቱን ፈተና ያላለፈ ልብስ፣ ምንም ቢያምር፣ ለቆመች ሴት እንጂ ለምትሠራ ሴት አልተሰፋም።

በረንዳ ላይ የሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ለዚህ ትልቅ ረዳት ነው። ሲለካ ሁለት ነገር መጠየቅ አይገባንም አንበል። አንዱ ኪስ ነው፤ የሴት ልብስ ኪስ እንዳይኖረው የሚከለክል ሕግ የለም፤ ቁልፍና የታክሲ ሳንቲም የምትይዝበት ኪስ ያላት ሴት፣ በግፊያ መካከል ቦርሳዋን ስትከፍት አትገኝም። ሁለተኛው፣ በጎንና በጎን ስፌቱ ውስጥ፣ ከታችም በቅምቅማቱ ላይ፣ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ እንዲተው ነው። የሴት ሰውነት በእርግዝናም፣ በሕመምም፣ በዕድሜም ይለወጣልና፣ ትርፍ ያለው ልብስ ተፈትቶ ይሰፋል፤ የሌለው ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሰልባጅ መልበስም የሚያሳፍር አይደለም። ብዙ ሰው መርካቶ ሄዶ ከገዛ በኋላ የገዛበትን ቦታ ይደብቃል፤ እኛ ግን አንደብቅም። ብቻ ሲመርጡ ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። በመጀመሪያ ብብቱን፣ ከዚያም የአንገቱን እጥፋት፣ በመጨረሻም ዚፑንና የቁልፍ ቀዳዳውን ይመረምሩታል፤ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት የሣሣ ቦታ ካለው ከሁለት እጥበት በላይ አይቈይም። ቤት ሲደርስም ሳይለበስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ፀሓይ ላይ ይሰጣል፣ በካውያ ይተኰሳል።

ቀለምን በሚመለከት፣ ያለን ምክር ከሒሳብ ትምህርት የመጣ ነው። ሦስት ጉርድ ወይም ሱሪና አራት ሸሚዝ ያላት ሴት፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚስማሙ ከሆኑ፣ ዐሥራ ሁለት ዓይነት አለባበስ አላት፤ ሳይደገም ለሁለት ሳምንት ሥራ ይበቃታል። የማይስማሙ ከሆኑ ግን ሃያ ልብስ ኖሯት «የምለብሰው የለኝም» ትላለች፤ እውነትዋንም ነው። ስለዚህ ከታች የሚለበሰው ጥቍር፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ የመሰለ ረጋ ያለ ቀለም ይሁን፤ ደማቁ ከላይ ይምጣ፤ ፊት ያለው ከላይ ነውና። ጫማም እንዲሁ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት ጭቃውን የሚችል ጠፍጣፋ ጫማ ለመንገድ፣ ሌላ ንጹሕ ጫማ ለቢሮ ቢኖር መልካም ነው። ታኮ ጫማ የምትወድ እኅት ቢሮ ውስጥ ታስቀምጠው፤ የተሰበረ ታኮ እንጂ የሚያምር ታኮ በድንጋይ መንገድ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ሠርግ ቀጠሮ አለው፤ ልቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። ከሥራ ባልደረባችን አንዱ እናቱ ሞቱ ሲባል፣ ሁላችንም ከቢሮ ተነሥተን በአንድ መኪና እንሄዳለን። በዚያ ሰዓት ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ሴት ትጨነቃለች። ስለዚህ በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አንድ የታጠበ ነጠላ፣ አንድም ጥቍር ሻሽ ታጥፎ እንዲቀመጥ እንመክራለን። ነጠላ እንደ አለባበሱ ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን ሁለቱ ጫፎች በትከሻ ላይ ተሻግረው መስቀል ይሠራሉ፤ ለኀዘን ሲሆን ግን በብዙ ቦታ ጥለቱ ወደ ላይ ተዙሮ አንገትንና ትከሻን ይከባል። ጉትቻና ሐብል ይወልቃል። ሐዘንተኛው ሙስሊም ቢሆንም ራስን መሸፈን፣ ረዥም መልበስ የአክብሮት ምልክት መሆኑ አይለወጥም። ሐዘንተኛ ሰው የልብሳችንን ዋጋ አይጠይቅም፤ መምጣታችንን ግን አይረሳም።

እኛን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን ኀዘን ሳይሆን ሠርግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምናውቀው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንዲት ሠራተኛ ስታገባ የክፍሏ ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍተው እንዲለብሱ ተወሰነ። ጨርቁም፣ ጥልፉም፣ ልብስ ሰፊውም በሌሎች ተመረጠ፤ ዋጋውም ለሁሉም እኩል ተባለ። ከሁሉም ታናሽ የነበረችው ጸሓፊ፣ ከደመወዟ ላይ ለእናቷ የምትቈርጥ ነበረች። የሠርጉ ዕለት ታመምሁ ብላ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሙሽራይቱን ላለማግኘት በሌላው ደረጃ ትወጣ ነበር። ሙሽራይቱም የቀረችበትን ምክንያት ስለማታውቅ ንቃኝ ነው ብላ አዘነች። እውነቱን የሰማነው፣ ልጅቷ ወደ እኛ ክፍል ተዛውራ ከመጣች በኋላ፣ ከራሷ አፍ ነው። ሁለት ጓደኛሞች የተለያዩት በክፉ ቃል አልነበረም፤ በአንድ ቀሚስ ነበር።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የተበደረችውን ሴት ለመገሠጽ ነው። እኛ ግን ሌላ ፊትም እንዳለው እናምናለን፤ የማትችለውን ወርቅ አድርጊ ብሎ የሚያስገድድ ወዳጅነትም አያደምቅም። ልብስ የተሠራው ሰውን ከሰው መካከል ለማግባት ነው፤ ሰውን ከሰው የሚያስቀር ከሆነ፣ ሐር ቢሆን ከማቅ አይሻልም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል ሠርግ ሲመጣ፣ እያንዳንዷ ያላትን ቀሚስ ትለብሳለች፤ አንድ የምናደርገው የነጠላውን ጥለት ብቻ ነው። ነጠላውም በማግስቱ ለቤተ ክርስቲያንና ለእንግዳ ይሆናል እንጂ፣ እንደ ሠርጉ ቀሚስ አንድ ቀን ተለብሶ አይቀርም። ካለፈው ሠርግ ፎቶግራፍ ላይ የቀረ ሰው የለም።

ጥለቱን ሲገዙም መለየት ያሻል። በዛሬው ገበያ በመኪና የታተመ ጥለት ከሸማኔ እጅ ከወጣው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩት፤ ሸማኔ የጠለፈው በጀርባውም ክሩ ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል፤ የታተመው ግን በጀርባው ደብዝዞ ይገኛል። በመኪና የተሠራ ጨርቅ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ ብዙ ደሀ አልብሷል፤ ከኢጣልያ የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እንዲሁ። ነገር ግን የመኪናውን በሸማኔው ዋጋ መግዛት ገዢዋንም ሸማኔውንም መበደል ነው። በሽሮ ሜዳ ከሚሸጠው ሸማ ጀርባ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ጕድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ድርና ማጉን ሲያገናኙ ይውላሉ፤ ከእነርሱም አስቀድሞ ጥጡን ዳምጣ፣ ባዘቶውን በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች።

እንዲህ የተደከመበት ልብስ አያያዝም ይፈልጋል። በእጅ የተሠራ ከባድ ቀሚስ በመስቀያ ላይ ለረዥም ጊዜ ቢንጠለጠል ክብደቱ ይጐትተዋል፤ ስለዚህ ታጥፎ ይቀመጥ። ሲታጠብም በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይሁን፤ አይጠምዘዝ፤ ባለ ቀለሙ ጥለት እንዳይለቅ በጥላ ይሰጣ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ታጥፎ ሣጥን አይግባ፤ እርጥበት ያሻግተዋል።

በመጨረሻ፣ የክቱን ልብስ በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ካረጀ በኋላ ወደ አዘቦት እንዲወርድ አትጠብቁ። አንዲት ሴት ደስ ያላት ቀን፣ ልጇ ፈተና ያለፈ ቀን፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት ማክሰኞ ጧት፣ ከሣጥኗ አውጥታ ብትለብሰው የሚከለክላት የለም። ቀሚስ በገላ ላይ ቢያልቅ የለባሽዋ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ቢያልቅ ግን የብል ነው።