ያሸነፍነው ክርክር

ባለፈው ወር የተማሪዎች ማኅበር ባዘጋጀው የክርክር ምሽት የቀረበው ርእስ «አሸባሪዎች ሕዝብን በገደሉ ጊዜ መንግሥት በጦር መሣሪያ ብድሩን ሊመልስ ይገባዋልን?» የሚል ነበረ። ዕጣ ወጥቶ «አዎን፥ ይገባዋል» በሚለው ወገን የቆምነው እኛ ሁለታችን ነን። ክርክሩንም በብዙ ድምፅ አሸነፍን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ግን ድላችንን ለማውራት አይደለም። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ዕረፍት የነሣንን አንድ ጥያቄ ለጓደኞቻችን ለማካፈል ነው።

በመጀመሪያ ምን ተናግረን እንዳሸነፍን እንግለጽ። ንግግራችንን የጀመርነው በእንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. እኛ አገር አዲሱ ዓመት ሲከበር፥ በአሜሪካ አራት አውሮፕላኖች ተጠለፉ። ሁለቱ የኒው ዮርክን መንትያ ሕንፃዎች መቱ፤ ሦስተኛው በመከላከያው መሥሪያ ቤት በፔንታጎን ላይ ወደቀ፤ አራተኛው በፔንሲልቫኒያ ሜዳ ተከሰከሰ። በአንድ ጧት ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። «ይህ ከተደረገ በኋላ ስለ ትዕግሥት የሚሰብክ ማን ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ዝም ያለ መንግሥት ገዳዩን ዳግመኛ ይጠራዋል!» እያልን ጠረጴዛውን ደበደብን።

ከአገራችንም ምሳሌ አላጣንም። በ1988 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴሎች ቦምብ ሲፈነዳና አንድ ሚኒስትር በጥይት ሲቆስሉ፥ የኢትዮጵያ ጦር የሶማልያን ድንበር ተሻግሮ በሉቅ የነበረውን የአል ኢትሐድን ሰፈር መታ። «ጠላት የተቀመጠበት ስፍራ ታውቆ ተመታ፤ እንግዲህ ምን ቀረ?» አልን።

ተቃዋሚዎቻችን ስለ ሰላም መልካም ነገር ተናገሩ፤ ነገር ግን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበረ። መስከረም 4 ቀን 1994 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቱ በጦር ኀይል የመጠቀም ሥልጣን ሲሰጥ 420 እንደራሴዎች ደግፈው፥ ባርባራ ሊ የተባሉት የካሊፎርኒያ እንደራሴ ብቻቸውን መቃወማቸውን ጠቀሱ። ሴትዮዋ የጠየቁት፥ አገሪቱ በሐዘን ላይ ሳለች ጥቂት ቆም ተብሎ እንዲታሰብ ነበረ። እኛም ተነሥተን «እንግዲያውስ 420 ሰው ተሳስቶ አንዲት ሴት ብቻዋን ልክ ልትሆን ነዋ!» አልን። አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ክርክሩን ያሸነፍነው በዚያች ቅጽበት ነው ብለን እናምናለን፤ ዛሬ ግን ስናስታውሳት ያሳፍረናል።

ከአዳራሹ ስንወጣ እጃችንን ያልጨበጠን አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድረው ጓደኛችን ነው። እስከ መኝታ ክፍላችን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሻይ ካፈላን በኋላ ግን እንዲህ አለን።

«እናንተ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሞቱ ሰዎች ስትናገሩ ሰማኋችሁ። አጎቴ በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ የሄደ ጊዜ እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በሊቢያ ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳየውን ፊልም አወጣ። እናቴ ፎቶግራፉን በስልክ ላይ እያሰፋች፥ በባሕሩ ዳር ተሰልፈው ከሚሄዱት መካከል የወንድሟን አካሄድ ትፈልግ ነበር። ፊት አይደለም፤ አካሄድ ነው የምላችሁ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ከትሪፖሊ ደወለ። እናቴ እልል አለች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ምክንያቱም በከተማው ውስጥ የልቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበረ።»

ጥቂት ዝም ብሎ ቀጠለ። «ሚያዝያ 14 ቀን መስቀል አደባባይ ሰልፍ ሲወጣ አባቴ ይዞኝ ሄደ። ሕዝቡ ደማችን ይመለስ እያለ ይጮህ ነበር፤ እኔም ጮኽሁ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ ‹ማንን?› አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ገዳዮቹ ፊታቸውን ሸፍነዋል። አጎቴና እንደ እርሱ ያሉት ግን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ እዚያው ሊቢያ ውስጥ ናቸው። ቦምብ ቢወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እነማንን ነበር? ዛሬ ማታ ያን ሁሉ ስትናገሩ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ማንን?› ብላችሁ አልጠየቃችሁም።»

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅንም። በማግሥቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብተን፥ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ ማንበብ ጀመርን። ያነበብነውም ነገር የተናገርነውን ብዙውን አፈረሰብን።

በመጀመሪያ ያገኘነው የጓደኛችንን ቃል የሚደግፍ ነው። በዚያው በ2007 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ ያው ቡድን 21 ክርስቲያኖችን በሊቢያ ባሕር ዳር ማረዱን የሚያሳይ ፊልም አውጥቶ ነበር፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ግብፃውያን ነበሩ። የግብፅ አውሮፕላኖች በማግሥቱ ደርና የተባለችውን ከተማ ደበደቡ። ብድሩ በአንድ ቀን ተመለሰ ማለት ነው። የእኛ ወንድሞች የተገደሉበት ፊልም የወጣው ግን ከዚህ ድብደባ በኋላ ሁለት ወር እንዳለፈ ነው።

ሁለተኛው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢና በዳሬ ሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ በመኪና የተጫነ ቦምብ ፈንድቶ 224 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ውስጥ 213ቱ በናይሮቢ የሞቱ ናቸው። አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ነበሩ፤ የበዙት በመንገድ የሚያልፉ፥ ለጉዳይ የመጡ፥ በአጠገቡ በነበረው ሕንፃ የጸሐፊነት ትምህርት የሚማሩ ኬንያውያን ናቸው። አሜሪካ በ13ኛው ቀን ሚሳይል ተኮሰች። አንዱ ክፍል በአፍጋኒስታን ወዳሉ የጦር ማሠልጠኛ ሰፈሮች ሄደ፤ የተፈለገው ኦሳማ ቢን ላደን ግን አልተገኘበትም። ሌላው ክፍል በካርቱም አል ሺፋ የተባለውን የመድኀኒት ፋብሪካ አፈረሰ። በፋብሪካው ለመርዝ ጋዝ የሚሆን ነገር ይሠራል ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ማስረጃው ብዙ ጥርጣሬ ተነሣበት፤ የባለቤቱም የታገደ ገንዘብ ዓመት ሳይሞላ ተለቀቀለት። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። ለመድኀኒት ወረፋ የቆመ ሱዳናዊ በናይሮቢ ሬሳ ላይ ምን እዳ ነበረበት?

በዚያው ጉዳይ በ1993 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አራት ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው፥ የእያንዳንዱ ሥራ በማስረጃ ተለይቶ ጥፋተኞች ተባሉ። በጓደኛችን አባት ጥያቄ ላይ ስም ጠርቶ መልስ የሰጠው ሚሳይሉ ሳይሆን ይህ ፍርድ ቤት ነበረ።

ሦስተኛው በክርክሩ የተመካንበት የአፍጋኒስታን ጦርነት ነው። መስከረም 27 ቀን 1994 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ታሊባን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሥልጣን ወረደ። ቢን ላደን ግን ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ በ2003 ዓ.ም. የተገደለው በአፍጋኒስታን ሳይሆን በፓኪስታን ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ታሊባን ተመልሶ ካቡልን ያዘ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በሦስት ቀን ውስጥ የተሰጠው ሥልጣን ሃያ ዓመት ሲያዋጋ ኖረ። እንግዲህ የሣቅንባቸው ሴትዮ የጠየቁት ጥቂት ቀን እንጂ ብዙ አልነበረም።

ነገር ግን ከአንዱ ጫፍ ተነሥተን ወደ ሌላው ጫፍ እንዳንዘል እንፈራለን። የሕግ መንገድም ጕድለት አለበት። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ በመንገድ ላይ ተተኮሰባቸው፤ እርሳቸው ሲተርፉ ሁለት ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ሞቱ። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አቀረበች፤ ምክር ቤቱም በ1988 ዓ.ም. ሱዳን ሦስቱን ተጠርጣሪዎች እንድታስረክብ ደጋግሞ ወሰነ፥ ማዕቀብም ጣለባት። ተጠርጣሪዎቹ ለኢትዮጵያ አልተሰጡም። በዚያው ዓመት በሱዳን ተቀምጦ የነበረው ቢን ላደን አገሪቱን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ፤ የሄደውም ወደ አፍጋኒስታን ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ ከላይ ተናግረናል። ስለዚህ «ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ» የሚል ሰው፥ ተከሳሹን የሚደብቅ አገር ሲገኝ ምን ይደረጋል ለሚለው መልስ ማዘጋጀት አለበት።

የሉቅም ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም። በ1988 የተመታው ሰፈር የታወቀ ነበር፤ ጦሩም ውጊያውን ፈጽሞ ተመለሰ። በ1999 ዓ.ም. ግን ጦራችን የእስላማዊ ፍርድ ቤቶችን ኅብረት ለማስወጣት እስከ ሞቃዲሾ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልሸባብ የውጭ ጦርን እያመካኘ ብዙ ወጣት ሰበሰበ፤ ጦሩ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣም ከቀድሞው በርትቶ ተገኘ። በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሳንናገር አንዱን ብቻ ጠቅሰን ማስጨብጨባችን ሐቀኝነት አልነበረም።

ይህን ሁሉ እያነበብን ሳለን አንድ ቀን ማታ ከስድስት ኪሎ በር ወጥተን በሰማዕታቱ ሐውልት አጠገብ ቆምን። ሁላችንም በየቀኑ እናልፍበታለን፤ ቀና ብለን የምናየው ግን በየካቲት 12 ብቻ ነው። ግራዚያኒ በቦምብ የቆሰለው ዛሬ እኛ በምንማርበት ግቢ፥ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ወራሪን የተቃወሙ አርበኞች ናቸው፤ ከአሸባሪ ጋር ማንም እንዲያነጻጽራቸው አንፈቅድም። የምንናገረው ስለ መላሹ ነው። በ1929 ዓ.ም. በእነዚያ ሦስት ቀናት የኢጣልያ ወገን «ማንን?» ብሎ አልጠየቀም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ገደለ፤ ሰውን ከነቤቱ አቃጠለ። መንግሥታችን ከነጻነት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቍጥር 30,000 ነው፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ወደ 19,000 ይገምታል። በግንቦት ወር ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ። አርበኛው ግን በዚህ አልጠፋም፤ ከአምስት ዓመት በፊትም ኢጣልያ ከአገሪቱ ወጣ። የበቀል ቍጣ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ወደ ካቡል መሄድ አያስፈልገንም ነበር፤ ሐውልቱ በራችን ላይ ቆሟል።

ወንድሞችና እኅቶች! እኛ ዛሬም «መንግሥት ሕዝቡ ሲታረድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ» አንልም። የምንለው ይህ ነው፤ ተኩስ ከመታዘዙ በፊት ማን እንደሚመታ፥ በምን ማስረጃ እንደሚመታ፥ መቼስ እንደሚቆም ተጠይቆ በግልጽ ይመለስ። ይህ ካልተመለሰ ግን የሚተኮሰው ለሟቾቹ ሳይሆን ለቍጣችን ነው። ጥያቄውን የሚያነሣው ሰው አንድ ብቻውን ቢሆንም አይሣቅበት።

ስለዚህ ርእሱ በሚመጣው ወር እንደገና እንዲቀርብ ማኅበሩን ለምነናል፤ በዚህም ጊዜ ያለ ዕጣ በተቃዋሚው ወገን ልንቆም ፈቃደኞች ነን። የሚሟገተን ሁሉ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። ጓደኛችንም እንዲናገር ለምነነው ነበር፤ መናገሩን እንቢ አለ፤ «ማንም የማይሥቅ ከሆነ ግን መጥቼ እሰማለሁ» ብሎናል።